ኬት ሾፓንና የአንዲት ሰዓት ነፃነት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 1 ቀን 1855 ዓ.ም. አዲሱን የሐዲድ መስመር ለመመረቅ ከአሜሪካ ከተማ ከሴይንት ሉዊስ የተነሣ ባቡር የጋስኮኔድን ወንዝ ሲሻገር፣ በጊዜያዊ የእንጨት ድጋፍ የቆመው ድልድይ ሸክሙን ሳይችል ቀርቶ ተደረመሰ። ከ30 የሚበልጡ ተሳፋሪዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ነጋዴው ቶማስ ኦፍላኸርቲ ነበር። የ5 ዓመት ልጁ ኬት በኋላ ሾፓን በሚለው የባሏ ስም የታወቀችው ደራሲ ናት።

እናቷ ኢላይዛ በ16 ዓመቷ በዕድሜ እጅግ ለሚበልጣት ለዚህ ሰው ተድራ፣ በ27 ዓመቷ መበለት ሆነች፤ ዳግመኛም አላገባችም። አያቷና ቅድመ አያቷም መበለቶች ስለ ነበሩ፣ ኬት ያደገችው ሴቶች ጉዳያቸውን ራሳቸው በሚወስኑበት ቤት ነው።

በ1870 ዓ.ም. የሉዊዚያና ተወላጅ የሆነውን የጥጥ ነጋዴ ኦስካር ሾፓንን አግብታ በኒው ኦርሊንስ ተቀመጠች። ስድስት ልጆችም ወለደች። ኦስካር ደግ ባል እንደ ነበረ ይነገራል። ይሁን እንጂ በዘመኑ የሉዊዚያና ሕግ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል ለመዋዋልም ሆነ ፍርድ ቤት ለመቆም አትችልም ነበር። ንግዱ ስለ ከሰረ በ1879 ዓ.ም. ቤተሰቡ ክሉቲየርቪል ወደምትባል መንደር ተዛወረ። በ1882 ዓ.ም. ኦስካር በወባ ሲሞት ብዙ ዕዳ ትቶ ነበር። ኬት ሱቁን ራሷ እያስተዳደረች ዕዳውን ስታቃልል ከቆየች በኋላ፣ በ1884 ዓ.ም. ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ ተመለሰች። በዓመቱ እናቷም ሞተች። ኬት በሐዘን ላይ ሳለች አንድ ወዳጇ የሆነ ሐኪም እንድትጽፍ አበረታታት።

በ1894 ዓ.ም. የጻፈችው የአንድ ሰዓት ታሪክ ከሦስት ገጽ እምብዛም አይበልጥም። ልበ ሕመምተኛዋ ወይዘሮ ማላርድ ባሏ በባቡር አደጋ መሞቱን ትሰማለች። አልቅሳ ስታበቃ ብቻዋን ክፍሏ ገብታ በመስኮቱ ፊት ትቀመጣለች። በዚያም የቀረው ዕድሜዋ የራሷ መሆኑ እየገለጠላት ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ግን ባሏ በሕይወት ከደጅ ሲገባ ወድቃ ትሞታለች። ሐኪሞቹም የገደላት ደስታ ነው ይላሉ። ሾፓን ይህን ባል ጨካኝ አላደረገችውም፤ ይወዳት ነበር። ሸክሙ ከአንድ ሰው ክፋት ሳይሆን፣ አንዱ ፈቃዱን በሌላው ላይ እንዲጭን ከሚፈቅደው ከጋብቻው ሥርዓት የመጣ ነው። ሕጉ ለደግ ባልም ለክፉ ባልም አንድ ነበርና።

ይኸንኑ አሳብ ያሰፋችበት መነቃቃት የተባለው ልብ ወለድ በ1899 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በርካታ ሐያስያን ነውረኛ ነው ብለው አወገዙት። አሳታሚዋም ቀጣዩን የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስቧን ሳያትመው ቀረ። ከዚያ በኋላ የጻፈችው ጥቂት ነው። በኦገስት 1904 ዓ.ም. በሴይንት ሉዊስ የተካሄደውን የዓለም ኤግዚቢሽን ጎብኝታ እንደ ተመለሰች ታመመች፤ በሁለተኛውም ቀን በ54 ዓመቷ ዐረፈች። በ1969 ዓ.ም. ፔር ሴየርስቴድ የተባለ የኖርዌይ ተመራማሪ የሕይወት ታሪኳንና ሙሉ ሥራዎቿን ባሳተመ ጊዜ፣ የተዘነጋችው ደራሲ እንደገና አንባቢ አገኘች።