ፖል ራንድና የኩባንያ ሪፖርት

ሕግ የተማርኩ ነኝና የኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ሲደርሰኝ ቀድሜ የማየው የኦዲተሩን ፊርማ ነው። ገጹንም እንዳይ ያደረገኝ ፖል ራንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ብሩክሊን ተወለደ፤ የቤት ስሙ ፔሬትዝ ሮዘንባውም ነበር። በ1956 አይ.ቢ.ኤም. በአማካሪነት ቀጠረው። አርማውን ሠራ፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ለባለአክሲዮኖች የሚላከውን ሪፖርት ነደፈ። ኮምፒዩተር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጥቂት ሰው በነበረበት ዘመን፣ ገንዘቡን ላዋለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በኔ እምነት ያማረ ገጽ ለእውነተኛ ሒሳብ ይገባዋል፤ ለሐሰተኛውም ግን እኩል ያገለግላል። ራንድ በ1996 ከመሞቱ በፊት ከሠራቸው የመጨረሻ አርማዎች አንዱ የኤንሮን ነበር። ኩባንያው የደበቀው ዕዳ ወጥቶ በ2001 ከሰረ። ጥፋቱ የራንድ አይደለም፤ ሒሳቡን የሠሩት ሌሎች ናቸው። ያቺ ዘንበል ያለች “ኢ” ፊደል ግን በ2002 ከቢሮው ዕቃ ጋር ሐራጅ ወጣች።