ሃሪ ፈርጉሰን፤ ሕይወቱና ትንሿ ግራጫ ትራክተሩ

በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት ውስጥ ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ደራስያንና ስለ ሐኪሞች ሲጽፉ፣ እኛ ደግሞ ስለ አንድ መካኒክ ለመጻፍ መረጥን። ማሴ ፈርጉሰን የሚለውን ስም በአገራችን የእርሻ ትራክተሮች ላይ ያላነበበ ተማሪ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ቃል ግን የአንድ የአየርላንድ ገበሬ ልጅ ስም መሆኑን የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ይህ ሰው ከሞተ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያሠራቸው ትንንሽ ግራጫ ትራክተሮች ግን ዛሬም በብዙ አገር በሰዎች ግቢ ውስጥ ይገኛሉ፤ ባለቤቶቻቸው በእጃቸው እያደሱ ያስነሷቸዋል። ከሰባ ዓመት በፊት የተሠራ መኪና ዛሬም በባለቤቱ እጅ የሚጠገን ስለ ምን ይሆን? መልሱ በሠሪው ሕይወት ውስጥ ይገኛል ብለን ስለምናምን ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃሪ ፈርጉሰን ኖቬምበር 4 ቀን 1884 በሰሜን አየርላንድ፣ በዳውን አውራጃ፣ በድሮሞር ከተማ አጠገብ ግሮዌል በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚጠብቁ ብርቱ ገበሬ ነበሩ፤ ከዐሥራ አንድ ልጆቻቸውም ሃሪ አራተኛው ነበር። በዐሥራ አራት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በአባቱ እርሻ ላይ ይሠራ ጀመር። ነገር ግን ሰውነቱ ደቃቃ ስለ ነበረ ከፈረስና ከማረሻ ጋር መታገሉ ከበደው፤ ከአባቱም ጋር በሐሳብ መስማማት አልቻለም። ወደ ካናዳ ለመሰደድ እያሰበ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ጆ በ1902 ወደ ቤልፋስት ወስዶ በብስክሌትና በመኪና መጠገኛ ቤቱ ውስጥ ሥራ ሰጠው። ከእርሻ ያመለጠው ወጣት ኋላ ዕድሜውን ሁሉ ለእርሻ መስጠቱ የሚያስደንቅ ነው።

በጋራዡ ውስጥ ሃሪ የሞተርን ጠባይ ከማንም ይልቅ ፈጥኖ ተማረ። ያልተስተካከለ ሞተር ከድምፁ ለይቶ ማስተካከል ያውቅ ነበር፤ በሞተር ብስክሌትና በመኪና እሽቅድምድምም ይካፈል ነበር። በ1909 የአውሮፕላን ትርኢት ካየ በኋላ እኛም መሥራት እንችላለን ብሎ ወንድሙን አሳመነውና በዚያው መጠገኛ ቤት አንድ አውሮፕላን ሠሩ። በዚሁ ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን፣ በብርቱ ነፋስ፣ በሂልስቦሮ መስክ ላይ 130 ያርድ ያህል በረረ። ይህም ማለት 120 ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ አጭር ቢሆንም በአየርላንድ ምድር በአውሮፕላን የበረረ የመጀመሪያው ሰው ለመባል በቃ። ዕድሜው ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ነበር።

በ1911 ከወንድሙ ተለይቶ በቤልፋስት የራሱን የመኪና ንግድ ቤት አቋቋመ፤ በ1913 ሞሪን ዋትሰን የምትባለውን ወጣት አገባ። ከዚህ በኋላ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። የጀርመን የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ብሪታንያ እህል የሚያመጡትን መርከቦች ስላሰጠሙ የምግብ እጥረት ሆነ። በ1917 የአየርላንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ፈርጉሰን በየአገሩ እየዞረ ገበሬዎች ትራክተርንና ማረሻን እንዴት በደንብ ሊሠሩበት እንደሚችሉ እንዲያስተምር አዘዘው። እርሱም ዊሊ ሳንድስ ከሚባለው ብልህ መካኒኩ ጋር ብዙ እርሻዎችን ጐበኘ። ባየውም ነገር አልተደሰተም።

የዚያን ጊዜ ትራክተር ማረሻውን የሚጐትተው ፈረስ ጋሪ እንደሚጐትት ነበር። መሬቱን ቈንጥጦ ለመያዝ ትራክተሩ እጅግ ከባድ መሆን ነበረበት፤ ክብደቱም አፈሩን ይጨፈልቀዋል። ከዚህ የባሰ ደግሞ አደጋ ነበረ። ማረሻው ከመሬት በታች ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር ሲጋጭ ወደ ፊት መሄድ ይሳነዋል፤ ሞተሩ ግን መግፋቱን አያቆምም። በዚህ ጊዜ የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣና ወደ ኋላ ተገልብጦ ነጂውን ይጫነዋል። በዚህ ዓይነት ብዙ ገበሬዎች ሞተዋል።

ፈርጉሰን ይህን ችግር ለመፍታት ብዙ ዓመታት ደከመ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ አንዱን ማረሻ ሠርቶ ሲያፈርስ፣ ሌላውን ሲያሻሽል ቈይቶ በ1926 ለዋናው ሐሳቡ የባለቤትነት መብት አገኘ። ሐሳቡም ትራክተሩና ማረሻው እንደ ጐታችና ተጐታች ሳይሆኑ እንደ አንድ አካል እንዲሆኑ ነው። ይህም በኋላ ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ በመባል ታወቀ። በታች ሁለት የብረት ክንዶች ማረሻውን ይጐትታሉ፤ በላይ ደግሞ አንድ ዘንግ አለ። ማረሻው ከአፈሩ ጋር ሲታገል የላይኛው ዘንግ ወደ ፊት ስለሚገፋ የትራክተሩን አፍንጫ ወደ መሬት ይጫነዋል። የማረሻውና የአፈሩም ክብደት ወደ ኋላ መንኰራኩሮች ይተላለፋል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ማንሻም የማረሻውን ጥልቀት ራሱ ይቈጣጠራል። ስለዚህ ትንሽና ቀላል ትራክተር የከባዱን ሥራ ሊሠራ ቻለ፤ ገበሬውን ይገድል የነበረውም ኀይል ትራክተሩን አጽንቶ የሚይዝ ሆነ።

ሐሳቡ መልካም ቢሆንም የሚያመርትለት ፋብሪካ በቀላሉ አልተገኘም። በ1933 አንድ ጥቁር ቀለም የተቀባ ትራክተር ለናሙና ሠራ። በ1936 ዴቪድ ብራውን ከሚባለው የእንግሊዝ አምራች ጋር ተስማምቶ ትራክተሮችን ማውጣት ጀመረ፤ ነገር ግን ዋጋቸው ከፎርድሰን ትራክተር ስለሚበልጥ ገዢው ጥቂት ሆነ። በ1938 ከነዚሁ ትራክተሮች አንዱን በመርከብ አስጭኖ ወደ አሜሪካ ሄደና በዲርቦርን ለታላቁ ባለፋብሪካ ለሄንሪ ፎርድ በእርሻው ላይ አሳየው። ሁለቱም የገበሬ ልጆች ነበሩና ወዲያው ተግባቡ። ፈርጉሰን ሐሳቡን፣ ፎርድ ፋብሪካውን ሊያዋጡ፣ ያለ አንዳች ጽሑፍ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተለያዩ። ከ1939 ጀምሮም በዚህ ስምምነት ከ300,000 በላይ ትራክተሮች ተሠሩ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ሽማግሌው ፎርድ በ1947 ሞተ። የልጅ ልጁ ግን በአያቱ የእጅ መጨባበጥ አልታሰረም፤ ከፈርጉሰን ጋር የነበረውን ሥራ አቋርጦ በዚያው ዘዴ የሚሠራ አዲስ ትራክተር በራሱ ስም አወጣ። ፈርጉሰንም 251 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ይከፈለኝ ብሎ ከሰሰ። ሙግቱ እስከ 1952 ዘልቆ በመጨረሻ 9 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር ተቀብሎ ታረቀ። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ወረቀት ቢፈረም ኖሮ የዚያ ሁሉ ዓመት ድካም ምናልባት ይቀር ነበር። ሰውን በቃሉ ማመን ክቡር ነገር ነው፤ ከሞት በኋላ የሚቀጥል ሥራ ግን በጽሑፍ መጽናት እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ አስቀድሞ፣ በ1946፣ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ የስታንዳርድ ሞተር ኩባንያ የፈርጉሰንን ትራክተር ይሠራ ጀምሮ ነበር። ይህች ቲ ኢ 20 የተባለችውና በሕዝብ ዘንድ ትንሿ ግራጫ ፈርጊ በመባል የታወቀችው ናት። እስከ 1956 ድረስ ከ500,000 በላይ ተሠርተው በብዙ አገሮች ተሠራጩ። ኤድመንድ ሂላሪም ሰንሰለት በተገጠመላቸው ፈርጉሰን ትራክተሮች እየነዳ ጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ከደቡብ ዋልታ ደረሰ። በምድር ላይ ተጉዘው ከዚያ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ ባለሞተር ተሽከርካሪዎች እነዚህ ናቸው።

እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን ግን ፈርጉሰን ትራክተሯን ሲያሠራ ስለ ባለቤቱ ማሰቡ ነው። ከትራክተሯ ጋር የሚሰጠው አንድ መፍቻ በሁለት ጫፉ ገበሬው ዕለት ዕለት የሚያስተካክላቸውን ዳዶዎች ይፈታል፤ እጀታው ላይም የመለኪያ ምልክት ስላለበት እንደ ማስመሪያ ያገለግላል። ሞተሩ የሚነሣው በማርሹ ዘንግ ራሱ ነው፤ ዘንጉ ወደ ተለየ የማስነሻ ቦታ ካልገባ ሞተሩ አይነሣም። ስለዚህ ነጂው ትራክተሩን ማርሽ እንደ ገባ በስሕተት አስነሥቶ አደጋ ላይ ሊወድቅ አይችልም። በሞተሩም ውስጥ ፒስቶኖቹ የሚመላለሱባቸው የብረት ቧንቧዎች ሲያረጁ ወጥተው በአዲስ ይተካሉ እንጂ ሞተሩ በሙሉ አይጣልም።

ዛሬ በአየርላንድና በእንግሊዝ፣ በሌሎችም አገሮች፣ ብዙ ሰዎች ከጐተራ ጀርባ ዝናብ ሲመታት የኖረችን ፈርጊ ገዝተው በቤታቸው የሚያድሷት ከዚህ የተነሣ ነው። የሥራውም ሥርዓት ለሁላችን ትምህርት ይሆናል። ለብዙ ዓመት የቆመ ሞተር በግድ አይነሣም። በመጀመሪያ ካንዴላዎቹ ይፈቱና በየሲሊንደሩ ቀጭን ዘይት ይጨመራል፤ ጥቂት ቀንም ይታገሡታል። ከዚያ በኋላ በማኒቬላ ቀስ ብለው ያዞሩታል። የቈየው ቤንዚን ተደፍቶ ጋኑና ማጣሪያው ይታጠባል። የማርሹ ቤት ዘይትም ይመረመራል፤ ይኸው ዘይት የማረሻ ማንሻውን ስለሚያሠራ፣ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታልና መለወጥ አለበት። በብርድ አገር ውሃው በክረምት ሞተሩ ውስጥ በረዶ ሆኖ ብረቱን እንዳይሰነጥቀው ይጠነቀቃሉ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ ትራክተር ሥር ማንም አይገባም፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግበታል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፤ ግራጫው ቀለም የሚቀባው ከሁሉ በኋላ ነው። ውስጡ ሳይጠገን ውጭውን የቀባ ሰው ራሱን ያታልላል።

ወደ ሰውየው ታሪክ እንመለስ። በ1953 ፈርጉሰን ኩባንያውን ከካናዳው ማሴ ሃሪስ ጋር አዋሐደ፤ ማሴ ፈርጉሰን የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በሽያጩ ጊዜ በ1 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ላይ ክርክር ቢነሣ ሳንቲም ወደ ላይ ተወርውሮ ዕጣው እንዲለይ ተስማማ፤ ዕጣውም በእርሱ ላይ ወጣ። ብዙም ሳይቈይ በሐሳብ ባለመስማማት በ1954 ከኩባንያው ወጣ። ጠባዩ እልኸኛ ነበርና ከአባቱ፣ ከብራውን፣ ከማሴም ሰዎች ጋር በየጊዜው ተለያይቷል። በሥራው ያጸናው ይኸው ጠባይ ከሰው ጋር አብሮ መቈየትን አሳጣው።

በመጨረሻ ዘመኑ አራቱም መንኰራኩሮች በሞተር የሚሽከረከሩባት መኪና እንድትሠራ ይደክም ነበር። ኦክቶበር 25 ቀን 1960 በእንግሊዝ አገር በመኖሪያ ቤቱ በሰባ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። በዓመቱ፣ በ1961፣ በድርጅቱ የተሠራችው ባለ አራት መንኰራኩር ኀይል የእሽቅድምድም መኪና በስተርሊንግ ሞስ ተነድታ በኦልተን ፓርክ አሸነፈች፤ እርሱ ግን አላያትም። የኮቨንትሪው ፋብሪካም በ2002 ትራክተር መሥራቱን አቆመ።

ፋብሪካው ሲዘጋ ሐሳቡ አልተዘጋም። ዛሬ ከታላላቆቹ የእርሻ ትራክተሮች አንሥቶ እስከ አትክልት ቦታ ትንንሽ ትራክተሮች ድረስ፣ ከኋላቸው ብንመለከት፣ የፈርጉሰንን ሦስት ነጥቦች እናገኛለን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ! ነገ ከመካከላችን መሐንዲስ፣ መካኒክ ወይም ባለፋብሪካ የሚሆን ይኖራል። የምንሠራውን ዕቃ የሚገዛው ሰው ሲበላሽበት ራሱ ከፍቶ፣ ራሱ ተረድቶ፣ ራሱ እንዲጠግነው አድርገን እንሥራው። ዕቃ የያዘም ሰው አረጀ ብሎ ከመጣሉ በፊት እንዴት እንደሚሠራ ይመርምር። የሃሪ ፈርጉሰን ትራክተሮች እስከ ዛሬ የቈዩት ብረታቸው ከሌላው ብረት ስለ በለጠ ብቻ አይደለም፤ ሠሪያቸው የገበሬውን እጅ ስላሰበ፣ ገበሬውም በተራው ስለ ጠበቃቸው ነው።