ዶክተር መላኩ በያንና የአሜሪካ ክፉ ዘመን

ከከተማችን ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ ሻሸመኔ ሊገባ ሲል አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ አጥርና በር ያያል። ሰፈሩን ሰው ሁሉ ጃማይካ ሰፈር ይለዋል። እኔም በክረምት ዕረፍት ከአክስቴ ጋር በዚያ ሳልፍ፣ እነዚህ ሰዎች ባሕር ተሻግረው እዚህ ምን አመጣቸው ብዬ ብጠይቃት፣ ጃንሆይ መሬት ሰጥተዋቸው ነው ብላ በአጭሩ መለሰችልኝ። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። የዚያን መሬት ታሪክ ወደ ኋላ እየተከተለ የሄደ ሰው፣ መሬቱ ሳይሰጥ አስቀድሞ በኒው ዮርክ የሞተ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። ሐኪሙም ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆኑትን ዓ.ም. ብዬ ለይቻቸዋለሁ።)

መላኩ በያን በ1900 በወሎ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በሐረር ነው። ከተፈሪ መኰንን፣ ማለት ከኋለኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የሥጋ ዝምድና ነበራቸው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር መላክ በጀመሩ ጊዜ መላኩ በ1921 ወደ ህንድ፣ በዓመቱም ወደ አሜሪካ ተላኩ። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው ሁሉ በእኛ ጣቢያ ማለፉ የማይቀር ነበር። የአዳማን አሮጌ ሐዲድ ባየሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ።

መላኩ የደረሱባት አሜሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ከወጣች ገና አራተኛ ዓመቷ ነበር። አውሮፓ በጦርነቱ ስትደማ አሜሪካ አበዳሪ ሆና ወጣች። ብዙ ፋብሪካ ተከፈተ። በ1908 በ850 ዶላር መሸጥ የጀመረው የፎርድ አውቶሞቢል በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ስለ ወረደ፣ ተራ ሠራተኛ ሳይቀር መኪና ገዛ። ራዲዮ በየቤቱ ገባ። ገንዘብ የሌለው ሰውም ዕቃውን ዛሬ ወስዶ ዋጋውን በየወሩ እየከፋፈለ መክፈልን ለመደ። ይህ ልማድ ለጊዜው ፋብሪካውንም ገዢውንም ደስ አሰኘ፤ ነገር ግን ሰዎች የነገውን ደመወዛቸውን አስቀድመው ይበሉ ነበር።

መላኩ የተማሩት በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በማስኪንገም ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የዩናይትድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ይህችው ቤተ ክርስቲያን በአገራችንም የአሜሪካን ሚሲዮን ተማሪ ቤቶችና ሐኪም ቤት ያቋቋመች ናት። በኋላ በ1962 በጠፈር መንኰራኩር ምድርን የዞረው ጆን ግሌን ያደገው በዚያችው ከተማ ነው። በመላኩ የተማሪነት ጊዜ ገና ሕፃን ነበረ።

ኦሃዮ ፋብሪካም እርሻም ያላት አገር ስለ ሆነች የአሜሪካ ብልጽግና ሁለት ፊት ነበረው። በጦርነቱ ጊዜ ስንዴና በቆሎ ተወድዶ ስለ ነበር ገበሬው ተበድሮ መሬትና ትራክተር ገዛ። የአውሮፓ ገበሬ ወደ እርሻው ሲመለስ ግን በ1920ና በ1921 የእህል ዋጋ ወደቀ፤ ዕዳው ግን አልወደቀም። የመቂና የዝዋይ ሽንኩርትና ቲማቲም አምራች ወላጆቻችን ይህን ያለ አስተማሪ ያውቁታል፤ ምርቱ በአንድ ጊዜ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይረክሳል፣ የማዳበሪያው ዕዳ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የከተማው ሰው ሲጨፍር በገጠሩ ያለ ገበሬ ከሌላው ዐሥር ዓመት ቀድሞ በችግር ውስጥ ነበር። ደግሞም በዚያ ዘመን ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የጥቁር ጠላት ማኅበር በኦሃዮና በአጎራባቿ በኢንዲያና እጅግ በርትቶ ነበር። መላኩ ይህን ሁሉ በቅርብ ያዩ ሰው ናቸው።

በ1928 ከማስኪንገም ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቆይተው፣ ለሕክምና ትምህርት በዋሽንግተን ከተማ ወዳለው ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ሃዋርድ የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ ነው። የሕይወታቸው መታጠፊያ ይህ ይመስለኛል። በዚያን ዘመን ወደ አሜሪካ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ነኝ በማለት ከነጮቹ ጋር ለመቀመጥ ይችል ነበር፤ ራሱን ከአሜሪካ ጥቁሮች ለይቶ የሚያይም አልጠፋም። መላኩ ግን በገዛ ፈቃዳቸው ከተናቁት ጋር ለመቆጠር መረጡ።

በጥቅምት 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ፈረሰ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዎች አክሲዮን ሲገዙ ከዋጋው ዐሥር በመቶ ያህል ብቻ ከኪሳቸው እየከፈሉ የቀረውን ይበደሩ ነበር። ዋጋው ሲወጣ ሁሉም ሀብታም መሰለው፤ ሲወርድ ግን አበዳሪው ገንዘቡን ጠየቀ፣ ተበዳሪውም ለመክፈል አክሲዮኑን ሸጠ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋው ይበልጥ ወረደ። በመስከረም 1929 እስከ 381 ደርሶ የነበረው የዳው ጆንስ መለኪያ በሐምሌ 1932 ወደ 41 ወረደ። ከ1930 እስከ 1933 ዘጠኝ ሺህ ያህል ባንኮች ተዘጉ፤ አክሲዮን የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው ያስቀመጠው ገንዘብ አብሮ ጠፋ። በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ አልነበረውም። ጥቁሩ ሲቀጠር የመጨረሻ፣ ሲባረር የመጀመሪያ ስለ ነበረ የእርሱ ችግር ከሁሉ ከፋ። መከራው እኛም አገር ደርሷል፤ የቡናና የቆዳ ዋጋ ረከሰ፣ ማርትሬዛ ብርም ከብር ማዕድን የተሠራ ነበርና የብር ዋጋ በዓለም ሲወድቅ የመግዛት ኃይሉ ቀነሰ።

መላኩ ሕክምና የተማሩት በዚሁ ክፉ ዘመን ነው። በ1932 በጦርነቱ የዘመቱ የቀድሞ ወታደሮች ቃል የተገባላቸው ገንዘብ አሁኑኑ እንዲከፈላቸው ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን ሄዱ፤ ቁጥራቸው እስከ ሃያ ሺህ ይደርስ ነበር። ከወንዝ ማዶ በካርቶንና በቆርቆሮ ጎጆ ሠርተው ሰፈሩ፤ በዚያ ሰፈር ነጩና ጥቁሩ አብሮ ይኖር ነበር። ሐምሌ 28 ቀን መንግሥት ጦር ልኮ አስለቃሽ ጭስ እየተኮሰ በተናቸው፤ ጎጆዎቻቸውም ተቃጠሉ። የዓለም ሀብታም መንግሥት የራሱን አርበኞች እንዲህ ሲያባርር ያየ ተማሪ ምን ያስባል? እኛ ብዙዎቻችን አሜሪካ ስንል የምናስበው ፎቁንና መኪናውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህን ክፍል ሳነብ ቆም ብዬ ነበር።

በ1931 መላኩ ዶሮቲ ሃድሊ የተባለችውን ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ፤ ወንድ ልጅም ወለዱ። በ1934 የአፍሪካን ታሪክ በሃዋርድ ከሚያስተምሩት ከዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ትክክለኛውን ታሪክ የሚያሳውቅ የጥናት ማኅበር አቋቋሙ። በ1935 የሕክምና ዶክትሬታቸውን ተቀብለው ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኢጣልያ ጦሯን በድንበራችን በምታከማችበት ሰዓት ነበር የገቡት። ጥቁሩ አውሮፕላን አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ በኢትዮጵያ እንዲያገለግል ካገናኙት ሰዎች አንዱም እርሳቸው ናቸው። በአዲስ አበባ በአሜሪካን ሚሲዮን ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎም በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ አከሙ፤ ለንጉሠ ነገሥቱም አስተርጓሚ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ስደት ሲወርዱ ያ ባቡር በከተማችን አልፏል። መላኩም የስደቱ ዕጣ ደረሳቸው።

በ1936 መጸው ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አሜሪካ ላኳቸው። ሥራቸው ለስደተኛው ወገን ዕርዳታ መሰብሰብ ነበር። ነገሩን አስቡት፤ የተላኩት ወደ ሀብታም አገር ነው፣ ግን በዚያ አገር በሩን የከፈተላቸው ድሃው ወገን ነው። በኒው ዮርክ በሃርለም ሰፈር ኪራይ የሚከፍለው ያጣ ሰው ብዙ ነበር። በ1937 መጨረሻ ደግሞ የተሻለው ኑሮ እንደ ገና ወደ ኋላ ተንሸራተተ። እንዲህም ሆኖ የቤት ሠራተኞችና ተሸካሚዎች በቤተ ክርስቲያንና በአዳራሽ እየተሰበሰቡ ሳንቲማቸውን ለኢትዮጵያ አዋጡ። ዶክተር መላኩ በ1937 የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባል ጋዜጣ ጀመሩ፤ ነሐሴ 25 ቀን 1937 ደግሞ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። ቅርንጫፎቹ በልዩ ልዩ የአሜሪካ ከተሞችና በካሪቢያን ደሴቶች ተስፋፉ። በሐኪምነታቸው ተቀጥረው ደህና ኑሮ መኖር ይችሉ የነበሩት ሰው ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በመዞር ጤናቸውን ጨረሱ። በማኅበሩ ውስጥ ጠብና ሐሜት አልጠፋም፤ ማን ማኅበሩን ይምራ፣ ገንዘቡስ በማን እጅ ይሁን የሚለው ክርክር አድክሟቸዋል። የድሃ ገንዘብ ሲሰበሰብ ጥርጣሬ አብሮ መምጣቱ አይገርምም።

ከጦርነቱ በኋላ በ1940ዎቹ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ኢትዮጵያን በመከራዋ ጊዜ ለረዱ ጥቁር ሕዝቦች በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ስጦታው የተላለፈው በዚሁ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ አብዛኛው ተወርሶ ዛሬ የቀረው ጥቂቱ ነው።

ዶክተር መላኩ ይህን አላዩም። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በሳንባ ምች ታመው በኒው ዮርክ ሲሞቱ ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ነበር፤ ባለቤታቸውና ትንሹ ልጃቸው በሰው አገር ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም መላኩ በሞቱ በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን መሆኑ ነው።