አጼ ልብነ ድንግልና የመካነ ሥላሴ ወርቅ

በታሪክ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በአቴና ከተማ የሚገኘው የፓርቴኖን ቤተ መቅደስ ሥዕል ተሰቅሏል፡፡ ባለፈው ዓመት መምህራችን ስለዚሁ ሕንፃ አስተምረውን ሲጨርሱ ከጓደኞቻችን አንዱ ተነሥቶ በኛ ደጋ እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቶ ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቀ፡፡ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፡፡ መምህራችን ግን አልሳቁም፡፡ በዚሁ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው፣ ጥንት ግን ዐምሐራ ይባል በነበረው ምድር፣ ወርቅ የለበሰ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ እንደ ነበረና እንደ ተቃጠለ ነገሩን፡፡ ውድ አንባቢያን ሆይ፣ ያን ቀን መሳቄ ስላሳፈረኝ የዚያን ቤተ ክርስቲያን ፈጻሚ የአጼ ልብነ ድንግልን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ ተነሣሁ፡፡ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው፡፡

አጼ ልብነ ድንግል የአጼ ናዖድና የእቴጌ ናዖድ ሞገሳ ልጅ ሲሆኑ፣ ዳዊትና ወናግ ሰገድ በሚባሉትም ስሞች ይታወቃሉ፡፡ አባታቸው በ1508 ሲሞቱ ዕድሜያቸው ገና 12 ዓመት ገደማ ስለ ነበር፣ መንግሥቱን በሞግዚትነት የያዙት የሐድያው ገዥ ልጅ እቴጌ እሌኒ ናቸው፡፡ እሌኒ አርቀው የሚያስቡ ሴት ነበሩ፡፡ የቱርክ ኃይል በቀይ ባሕር እየበረታ መምጣቱን አይተው ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋል ላኩ፡፡ ወጣቱ ንጉሥ ግን ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ድንበሩን ብዙ ዘመን ሲያስጨንቅ የኖረውን ማሕፉዝን በጦርነት ድል አደረጉ፤ ማሕፉዝም በዚያው ሞተ፡፡ ከዚህ ወዲያ የልብ ኩራት መጣ፡፡ የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲደርሱ እንኳ ንጉሡ ብዙ አልቸኰሉም፤ መልእክተኞቹ ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1526 ነው፡፡ የሚዋጋቸው ጠላት ቢያጡ እግዚአብሔር ጦር እንዲያወርድ እየለመኑ ምድርን በጅራፍ ገረፉ የሚለውን ተረት ከሽማግሎች ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፡፡ እኔ ይህን ቃል በቃል አላምነውም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ንጉሡን እንዴት አድርጎ እንዳስታወሳቸው ያሳያል፡፡

አሁን ወደ መካነ ሥላሴ እንምጣ፡፡ ሥራውን የጀመሩት አጼ ናዖድ ናቸው፡፡ ዓሥራ ሦስት ዓመት አሠርተው ሳይፈጽሙት ስለ ሞቱ ልጃቸው ዓሥራ ሁለት ዓመት ጨምረው ፈጸሙት፤ ይኸውም በጠቅላላው 25 ዓመት ነው፡፡ ለአንድ ሕንፃ ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር የዚያን ዘመን አኗኗር ያስብ፡፡ ነገሥታቱ ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም፡፡ ከሠራዊታቸው ጋራ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ የሚኖሩት በድንኳን ነበር፡፡ ድንኳን ሲነቀል የቤተ መንግሥቱ ምልክት ሣር ላይ የቀረ አመድ ብቻ ነው፡፡ ቤተ ክርስቲያን ግን አይነቀልም፤ ጉልት ይተከልለታል፣ ካህናት ይመደቡለታል፣ የንጉሡም አጥንት በውስጡ ያርፋል፡፡ ስለዚህ እምነታቸውንም ሥልጣናቸውንም የሚያሳዩበት ቋሚ ነገር እርሱ ነበር፡፡ አጼ በእደ ማርያምም ከዚህ ቀደም አትሮንሰ ማርያምን አሠርተው የቀደሙትን ነገሥታት አጥንት ወደዚያ ማስፈለሳቸው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፡፡

ስለ መካነ ሥላሴ የጻፉልን ሁለት ሰዎች ናቸው፡፡ አንደኛው ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ነው፡፡ በጥር ወር 1521 ቤተ ክርስቲያኑ ሲቀደስና የአጼ ናዖድ አጥንት ወደዚያ ሲፈልስ እርሱ በቦታው ነበረ፡፡ ነጭ የድንጋይ ግንቡን አድንቆ፣ ታላቁ በር በማዕድን ሰሌዳ የተለበጠ መሆኑን ይናገራል፡፡ ሁለተኛው የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ነው፡፡ እርሱ ደግሞ ሕንፃው ርዝመቱ 100 ክንድ፣ ወርዱ 100 ክንድ፣ ቁመቱም ከ150 ክንድ የበለጠ፣ ሁለመናውም ወርቅ፣ ብርና ዕንቍ የለበሰ ነበር ይላል፡፡ ቁመቱ ከርዝመቱ መብለጡ አጠራጣሪ ነው፡፡ ጸሐፊው የምርኮውን ክብር ለማግነን ብሎ ጨምሮ ይሆናል፡፡ ሆኖም አንዱ ወዳጅ፣ አንዱ ጠላት የሆኑ ሁለት ምስክሮች ግርማውን በአንድነት ከመሰከሩለት ቤቱ ድንቅ እንደ ነበረ አያከራክርም፡፡

የአቴናውም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም፡፡ ፓርቴኖን ከ447 እስከ 432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሲሠራ፣ የአቴና መሪ ፐሪክሊስ ከተባባሪ ከተሞች የተሰበሰበውን ግብር ለሥራው አዋለበት፡፡ ፊድያስም የአቴናን ጣዖት ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ 12 ሜትር ያህል አቁሞ ሠራት፡፡ ወርቁ ብቻ 1000 ኪሎ ያህል ነበር፡፡ ነገር ግን ፐሪክሊስ ብልህ ስለ ነበር ወርቁ እንዲወልቅ ሆኖ ተሠርቶ ነበር፤ ጦርነት ቢመጣ ለወታደር ደመወዝ እንዲሆን ነው፡፡ በኋላ ዘመን አንድ ጨካኝ ገዥ ወርቁን ገፍፎ ለወታደሮቹ ከፈለው፡፡ ዛሬ ከጣዖቲቱ ምንም የቀረ የለም፤ እብነ በረዱ ግን በ1687 በመድፍ ከተመታ በኋላ እንኳ ቆሟል፡፡ በኛ አገር ለአምልኮ ሐውልት መቅረጽ አልተለመደም፡፡ የኛ ሰዎች ሥዕል ነው የወደዱት፤ ከቬኒስ የመጣው ብራንካሌዎኔ እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ እንደ ታቀፈች አድርጎ ቢሥል፣ ግራ የተናቀ ወገን ነው ተብሎ ብዙ ክርክር ተነሥቷል፡፡

ወደ ንጉሡ እንመለስ፡፡ በመጋቢት ወር 1529 በሽምብራ ኩሬ የንጉሡ ሠራዊት ከቁጥሩ ብዛት ጋራ በኢማም አሕመድ ተሸነፈ፡፡ በ1531 ክረምት ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፡፡ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢማሙ ወደ ዐምሐራ ገብቶ መካነ ሥላሴ ደረሰ፡፡ እንደ ዐረብ ፈቂህ አጻጻፍ፣ ኢማሙ ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ ዓይኑ እስኪጭበረበር ተደነቀ፤ አብረውት ያሉትንም ዐረቦች በሌላ አገር እንዲህ ያለ አይተው እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ እነርሱም አላየንም ብለው መለሱ፡፡ ከዚያ በኋላ ወታደሮቹ ምሳር ይዘው ወርቁንና ዕንቍውን ከግድግዳው ሲፈለቅቁ ዋሉ፡፡ የፈለጉትን ከወሰዱ ወዲያ እሳት ተለቀቀበት፡፡ ከተቀደሰ 11 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፡፡ በ25 ዓመት የተሠራው ሥራ በአንድ ቀን አመድ ሆነ፡፡ ሌላ ቤተ ክርስቲያንም ሲነድ መነኰሳቱ ዘለው ወደ እሳቱ እንደ ገቡ ያው ጸሐፊ ይመሰክራል፤ በጠላት ብዕር መጻፉ ነገሩን ይልቁን የሚያሳዝን ያደርገዋል፡፡

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፡፡ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ የመጽሐፉን ዐረብኛ ስሞች በትክክል እንዳነብ የረዳኝ በክፍላችን አጠገቤ የሚቀመጠው እስላም ጓደኛዬ ነው፡፡ እርሱም እንደ እኔ ስለ ቃጠሎው ሲያነብ አዝኗል፡፡)

ከዚህ ወዲያ ያለው የአጼ ልብነ ድንግል ሕይወት የስደት ሕይወት ነው፡፡ ድንኳን የነበራቸው ንጉሥ ድንኳንም አጡ፡፡ ከተራራ ወደ ተራራ እየሸሹ፣ በረኀብም እየተቸገሩ ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖሩ፡፡ ኢማሙ ልጃቸውን እንዲድሩለት ልኮባቸው እንቢ አሉ፡፡ በዚያ ችግር ውስጥ ሳሉ እንኳ እጅ አለመስጠታቸው ከኩራታቸው ዘመን ይልቅ ትልቅ ሰው ያሰኛቸዋል፤ እኔ በበኩሌ ንጉሡን የወደድኋቸው እዚህ ላይ ነው፡፡ በ1535 ፖርቱጋል እንድትረዳቸው መልእክተኛ ላኩ፤ ቀድሞ ያልቸኰሉበትን አሁን ተማጠኑ፡፡ የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር በጦርነት ሞተ፤ ሚናስም ተማረከ፡፡ 400 የሚሆኑት የፖርቱጋል ወታደሮች ወደ ደጋው የወጡት በ1541 ሲሆን ንጉሡ ግን ከዚያ በፊት በመስከረም 1540 በደብረ ዳሞ ዐርፈው ነበር፡፡ ዙፋኑን የወረሱት ልጃቸው አጼ ገላውዴዎስ ከፖርቱጋሎቹ ጋራ ሆነው በ1543 ኢማሙን ድል ነሡ፡፡

በመካነ ሥላሴ ቦታ ከፍርስራሹ የተረፉ የተጠረቡ ድንጋዮች ይታያሉ፤ ከወርቁ የቀረ የለም፡፡ አጼ ልብነ ድንግል ያረፉት አባታቸውን ባሳረፉበት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሳይሆን በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ነው፡፡ ወደዚያ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው፡፡ ቤተ ክርስቲያኑ በአክሱም ዘመን አሠራር ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የተሠራ ትንሽ ቤት ነው፤ እስከ ዛሬም ይቀደስበታል፡፡