ምንጭ ፈላጊው ጀምስ ብሩስ

መተማ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በ1889 አጤ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ የወደቁበት የጦር ሜዳ ነው። ከዚያ 117 ዓመት አስቀድሞ ግን አንድ በሽተኛ ስኮትላንዳዊ፥ በጎንደር የሰበሰባቸውን መጻሕፍት አስጭኖ በዚያው ቆላ በኩል ወደ ስናር አልፏል። ከመጻሕፍቱም አንዱ ስለ ወንጌላት አመጣጥ የሚመረምሩትን ሊቃውንት እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክራል። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት ለጓደኞቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጀምስ ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ በሚባለው የአባቶቹ ርስት ተወለደ። ሕግ መማር ጀምሮ ተወው። ከዚያ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አግብቶ በንግዱ ገባ፤ ዳሩ ግን ሚስቱ በተጋቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተችበት። ከዚህ በኋላ ልቡ ወደ ጉዞና ወደ ቋንቋ አዘነበለ። ዐረብኛ አጠና፤ ግዕዝንም ከሂዮብ ሉዶልፍ መጻሕፍት ተማረ። ሉዶልፍን ስለ አገራችን ያስተማሩት ደግሞ የእኛው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል። እንግዲህ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ኢትዮጵያዊ ባበራው መብራት ነው ማለት ይቻላል።

በ1763 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ወደ አልጀርስ ተላከ። ሥራውን ከተወ በኋላ ሰሜን አፍሪካንና ሶርያን ዞሮ በ1768 ግብጽ ገባ። ሐሳቡ የዓባይን ምንጭ ለማየት ነበር። በላይኛው ግብጽ ሳለ አንድ የቅብጥ ቋንቋ ብራና ገዛ። ይህ በ1892 የታተመው ብራና፥ ክርስቶስ ለደቀ መዛሙርቱ በምሥጢር ነገራቸው የተባለውን ትምህርት የያዘ የግኖስቲኮች መጽሐፍ ሆኖ ተገኝቷል። ሰውየው ገና አገራችንን ሳይረግጥ፥ የጥንት ክርስቲያኖች ከአራቱ ወንጌላት ውጭ ምን ይጽፉ እንደ ነበር የሚመሰክር ሰነድ በእጁ ገብቶ ነበር ማለት ነው።

በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበረ የቤተ መንግሥቱን ልጆች አከመ። በዚህም በእቴጌ ምንትዋብ፥ በልጃቸው በወይዘሮ አስቴርና በባላቸው በራስ ሚካኤል ስሑል ዘንድ ተወደደ። ጎንደሬዎች ያጎቤ ይሉት ነበር። ወጣቱ ንጉሥ አጤ ተክለ ሃይማኖትም የራስ ፊልን ግዛት ሾሙት። ራስ ፊል ዛሬ መተማን ይዞ ምዕራብ ጎንደር በሚባለው ቆላ፥ በሱዳን ጠረፍ ያለ አገር ነበር። ብሩስ ግን ከጎንደር ሳይወጣ፥ ያሲን የሚባል እስላም ምስለኔ አድርጎ አገሩን በእሱ ያስገዛ ነበር።

በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አየ። ከአውሮፓ ሰዎች የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ኮራ፤ ሆኖም ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት ደርሶ ነበር። አብሮት የመጣውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም፥ በጎንደር ሞቶ ከተቀበረ በኋላ፥ የድካሙን ያህል አላመሰገነውም። ብሩስ ደፋርና ታታሪ ነበር፤ ክብርን ማካፈል ግን አይሆንለትም ነበር።

በታኅሣሥ 1771 ጎንደርን ተሰናብቶ ወደ ቆላው ወረደ። በመንገድ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ተቀብሎ የዝሆን አደን አሳየው። ራስ ፊል ሲደርስ ግን ተቅማጥ ያዘውና ሁለት ወር ያህል ተኛ። የሰነበተባትን መንደር ስም ሲተረጕም የሞት ጥላ ሸለቆ ማለት ነው ብሏል። ቆላን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅም። ያን ጊዜ ደጋው የሚፈራው ወባና ንዳድ ያለበት፥ ነጋዴው ግን የማይተወው የስናር በር ይህ ነበር። ብሩስ እዚያ ሞቶ ቢሆን ኖሮ መጻሕፍቱም ከእሱ ጋራ በቀሩ ነበር።

በመጋቢት 1772 ተነሥቶ ወደ አትባራ ተሻገረ። በዚያ ያለው ሼኽ ገንዘብ ፈልጎ አገተው፤ ከእሱ ሲያመልጥ በስናር ወራት ቈየ። በኑብያ በረሃ ግመሎቹ አለቁበትና ጓዙን አሸዋ ላይ ጥሎ፥ እግሩ አብጦ፥ በኅዳር መጨረሻ አስዋን ገባ። ነገር ግን ሌላ ግመል ይዞ ተመልሶ የጣለውን ሁሉ አነሣ።

አገሩ ሲመለስ የጠበቀው ምስጋና አላገኘም። ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ጎንደር ጦርነት የተናገረውን ብዙዎቹ ተረት ነው ብለው ሳቁበት። ተናዶ ዝም አለና የጉዞውን መጽሐፍ በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። እነዚያን ሁሉ በረሃዎች የተረፈ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ መሞቱ የሚያስደንቅ ነው።

ከያዛቸው መጻሕፍት ውስጥ የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂዎች ነበሩ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፤ አንዱን ለኦክስፎርድ፤ አንዱን ለራሱ አስቀረ። የይሁዳ መልእክት ሄኖክን በስሙ ይጠቅሰዋል፤ በአውሮፓ ግን ከግሪክ ቍራጮች በቀር መጽሐፉ ጠፍቶ ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድም ቀን አልጠፋም፤ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ጋራ ይቈጠራል። ብሩስ ራሱ ስለ መጽሐፉ ብዙ አላሰበበትም፤ የግኖስቲኮች ጽሑፍ ነው ብሎ በቀላሉ አልፎታል። ሪቻርድ ሎውረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመው፤ በ1838 ግዕዙን አሳተመ። በ1851 ዲልማን የተሻለ እትም አወጣ።

በዚሁ ዘመን የጀርመን ሊቃውንት ሌላ ምንጭ ይፈልጉ ነበር። ማቴዎስ፥ ማርቆስና ሉቃስ ብዙውን ታሪክ በተቀራረበ ቃል ስለሚነግሩ፥ ማን ከማን ቀዳ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ግሪስባክ በ1776 ሦስቱን ጎን ለጎን አሳተመ። ቫይሰ ደግሞ በ1838፥ የሎውረንስ ግዕዝ በታተመበት ዓመት፥ ማርቆስ እንደሚቀድምና ማቴዎስና ሉቃስ ከእሱ ሌላ የጌታን ንግግሮች የያዘ አንድ የጋራ ምንጭ እንደ ነበራቸው ጻፈ። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ብዙ ተከታይ አለው።

ሄኖክ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚገባው የሰው ልጅ በሚለው ስም ነው። ከ37 እስከ 71 ባሉት ምዕራፎች የሰው ልጅ በክብሩ ዙፋን ተቀምጦ ነገሥታትን ይፈርዳል። ማቴዎስም በ19ኛውና በ25ኛው ምዕራፍ የሰው ልጅ በክብሩ ዙፋን እንደሚቀመጥ ይናገራል፤ ይህን አነጋገር ማርቆስም ሉቃስም የላቸውም። ታዲያ ማቴዎስ ሄኖክን ያውቅ ነበርን? ወይስ ሁለቱም ከአንድ የቈየ ትምህርት ጠጡ?

በ1952 በቁምራን ዋሻ የሄኖክ የአራማይስጥ ቍራጮች ተገኙ፤ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። ከነዚህ ምዕራፎች ግን አንዲት መስመር አልተገኘችም። ሚሊክ ከክርስቶስ በኋላ በሦስተኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ናቸው አለ፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን ሳይቀበሉ በክርስቶስ ልደት ዘመን ግድም ያደርጓቸዋል። እንግዲህ ክርክሩ የቆመው በሙሉ ግዕዝ ላይ ነው፤ ሌላ ምስክር የለውምና። ግዕዙም የሰው ልጅን በሦስት ዓይነት ይጠራዋል፤ ወልደ ሰብእ፥ ወልደ ብእሲ፥ ወልደ እጓለ እመሕያው። የመጨረሻው በግዕዙ ወንጌል የምናገኘው ስም ነው። የጥንቱ ተርጓሚ ሦስት የተለያዩ ቃላት ከፊቱ ነበሩን? ወይስ ወንጌልን በቃሉ ስለሚያውቅ ስሙን ከዚያ አመጣው? ይህን የሚለይ የግዕዝን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው።

ከመካከላችን ብሩስን ከመቅደላ ዘራፊዎች ጋራ የሚቈጥሩት አሉ። እኛ አንስማማም። በ1868 መቅደላ ላይ የተወሰደው በጦር ኃይል ነው፤ ብሩስ ግን ሄኖክን ሲወስድ ለአገሩ ሄኖክን አላሳጣውም። እንዲያውም ከእሱ ቅጂዎች ሦስት መቶ ዓመት ያህል የሚቀድም የ15ኛው መቶ ዓመት ቅጂ በጣና ገዳማት ተገኝቷል። ያሳጣን ነገር ካለ ያሳጣነው ራሳችን ነን። መጽሐፉ በቤታችን ሳለ ጥያቄውን ያነሡት ሌሎች ናቸው፤ እኛም መልሱን በእነሱ ቋንቋ እናነባለን።

ብሩስ ሌላው ቀድሞ ያየውን ምንጭ አየሁ ብሎ ሲመካ፥ ማንም ያላየውን ምንጭ በጓዙ ተሸክሞ ሳያውቀው አለፈ። ግዕዝ የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የጣናውን ቅጂ፥ የቅኔ ቤት ዕውቀታቸውንና ግሪክኛውን አንድ ላይ ቢያቀርቡ፥ በዚህ ክርክር የሚናገሩት የራሳቸው ቃል ይኖራቸዋል። ለዚህም የሞት ጥላ ሸለቆን መሻገር አያስፈልግም፤ ከባሕር ዳር በታንኳ መሻገር ይበቃል።