የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ፤ አባታቸውም በግጥምና በዜማ የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ብዙ ዘመን ኳስ ተጫወቱ፤ መጫወቱንም ከተዉ በኋላ አሠልጣኝ፥ ኋላም የማኅበር መሪ ሆኑ።

በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ሲቋቋም፥ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር በአንድነት የሚሰለፍበትን ቡድን አላመጣም አለች። እርሳቸውም ይህን ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ፤ እርስዋም ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ0 ተሸነፈች፤ ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለው ሽንፈት አያሳፍርም። በ1954 ዓ.ም. እርሳቸው ያሠለጠኑት ቡድን በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ2 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካውን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ ሰውን በቀለሙ የምትለየው አገርም በዘመናቸው ሁሉ ወደ ማኅበሩ አልተመለሰችም።