ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የድሬዳዋ እንጀራ

ድሬዳዋ በምድር ባቡር የተወለደች ከተማ መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተቻለው፣ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲቆም አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ ተቆረቆረች። በዚህች ከተማ በሹመት ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ግን ሀብት ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ አጥብቀው የጠየቁ አንድ ሰው እንደነበሩ ከእኛ ከመሐንዲሶች ወገን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኒህ ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ በምትገኘው ማይ ምሻም ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ አገልጋይ ሲሆኑ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ወደቁ። ሕፃኑ በምፅዋ አቅራቢያ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተጠግተው ሲኖሩ፣ ወደብ ላይ የቆመችን መርከብ ሊጎበኙ ገብተው ሳይወርዱ መርከቧ ተነሣች። በዚህ አጋጣሚ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በኦስትሪያ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ ኋላም በበርሊን ሕክምና ተማሩ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከታመሙ በኋላ በነበረው የሥልጣን ሽሚያ ሳቢያ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአሥመራ ታተመ። በዚያ ጽሑፍ የመንግሥት ሀብት ከንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በገንዘብ እንዲከፈልና ሥርዓት እንዲይዝ አሳሰቡ። ከስደት ከተመለሱ በኋላ በ1908 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነው ተሾሙ። በ1911 ዓ.ም. በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ትልቁ መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ይህን የምጽፈው እኔ ከዚያ ዕድሜ አልፌአለሁ፤ የሠራሁትን ከሠሩት ጋር ሳስተያይ አንገቴን እደፋለሁ።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ንግድ ማለት የድካም ልውውጥ ነው የሚል ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ለጥቂት ሰዓት የፋብሪካ ሥራ ይለውጣል። ስለዚህ መንገድና ባቡር ብቻቸውን አገርን አያበለጽጉም፤ ሕዝቡ ራሱ የሚያመርተው ከሌለ ሐዲዱ የባዕድ ዕቃ ማስገቢያና ጥሬ ዕቃ ማውጫ ሆኖ ይቀራል። ይህን ያሰቡት ሰው የተቀመጡት ዕቃው ሁሉ በሚያልፍበት በር ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ድሬዳዋ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ከባቡር የወረደ ዕቃ በግመልና በበቅሎ የሚጫንባት ስለነበረች፣ መስመሩ ሲቀጥል ከሥራዋ አንዱ ክፍል ተነጠቀ።

አንድ ከተማ በአንድ ሥራ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ በቁጥር የሚለካበት ዘዴ የተገኘው እሳቸው ካረፉ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። መለኪያው በሂርሽማንና በሄርፊንዳል ስም ይጠራል። ሠራተኛው በየሥራ ዘርፉ ይከፈላል፤ የያንዳንዱ ዘርፍ ድርሻ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቶቹም ይደመራሉ። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ዘርፍ ቢሆን ድምሩ 1 ነው፤ በአምስት ዘርፎች እኩል ቢከፈል 0.2 ይሆናል። ለምሳሌ ያህል ከመቶው ሠራተኛ 60 በአንዱ፣ 20 በሁለተኛው፣ 10 እና 10 በቀሩት ሁለቱ ቢሠሩ፣ 0.36፣ 0.04፣ 0.01 እና 0.01 ተደምረው 0.42 ይሰጣሉ። 1ን በ0.42 ብናካፍል 2.4 ያህል እናገኛለን። በስም አራት ዘርፍ ያላት ከተማ በተግባር ከሁለት ትንሽ የሚበልጥ ዘርፍ ብቻ አላት ማለት ነው።

ሆኖም ይህ መለኪያ እንደ ድሬዳዋ ባለች ከተማ ሊያሳስት ይችላል። የባቡር መካኒኩ በትራንስፖርት፣ የጉምሩክ ጸሐፊው በመንግሥት አስተዳደር፣ ባለመጋዘኑ በማከማቻ፣ የሆቴሉ አሳላፊ በመስተንግዶ፣ ቀፊራ ገበያ የምትነግደው ሴት በችርቻሮ ይቆጠራሉ። በሰንጠረዡ ላይ አምስት ዘርፎች ናቸው። ባቡሩ በቆመ ቀን ግን የአምስቱም ገበታ ይጎድላል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው የአሮጌው ሐዲድ አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲቋረጥ የተጎዳው በምድር ባቡሩ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ ሠራተኛ ብቻ አልነበረም።

ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ልንማር የሚገባንም እዚህ ላይ ነው። እሳቸው የጠየቁት ዕቃው ምን ያህል ነው ብለው ብቻ ሳይሆን የማን ድካም ነው ብለውም ነው። እኛም ሠራተኛውን በዘርፍ ስንቆጥር፣ ከየዘርፉ ጎን ይህ ሥራ የቆመው በምን ላይ ነው የሚል አንድ ተጨማሪ ዓምድ ልንከፍት ይገባል። በአንድ ምንጭ የሚተዳደሩትን ዘርፎች በአንድነት ደምረን መለኪያውን ዳግመኛ ብናሰላ፣ የሁለቱ ውጤቶች ልዩነት የከተማዋን እውነተኛ አደጋ ይነግረናል። የጣልያን ወረራ ዘመን ሥራ የሆነው የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚቆመው በአካባቢው የኖራ ድንጋይ ላይ ነው፤ የማመላለሻ ሥራው ግን በመስመሩ ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይለኩም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። የኤሌክትሪክ ባቡሩ በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ጀምሯል፤ ጣቢያውም ከአሮጌው ለገሃር ርቆ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ተከፍቷል። እነዚህ ሥራዎች ከተማዋን ዳግም የመተላለፊያ በር ብቻ ያደርጓታል ወይስ የምታመርት ከተማ ያደርጓታል የሚለው ጥያቄ በምረቃ ንግግር አይመለስም። የሚመለሰው በየዓመቱ ሳይታክቱ በመቁጠር ነው። ለነጋድራሱም ከመታሰቢያ ሐውልት ይልቅ በጥንቃቄ የተሞላ ሰንጠረዥ የሚስማማቸው ይመስለኛል፤ ሰንጠረዡን መሥራትም የእኛ ሙያ ነው።